ምዕራፍ ሰባት፦ ጠቋሚው ሲሳሳት

እ.ኤ.አ. በ1986 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጤና ተመራማሪዎች ከስዊድኑ ኡሜዎ ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደምትገኘው ቡታጅራ ወረዱ። ሊያውቁ የፈለጉት ነገር ሲሰሙት ቀላል ነው፤ በአካባቢው ስንት ሕፃን ይወለዳል? ስንቱስ አምስት ዓመት ሳይሞላው ይሞታል? በምን ምክንያት? ይህን የሚመልስ መዝገብ ግን አልነበረም። ልደቱም ሞቱም በየቤቱ ይታወቃል እንጂ አይጻፍም። ስለዚህ መዝገቡን ራሳቸው ሊሠሩት ተነሡ። በዚያን ጊዜው የመስቃንና ማረቆ ወረዳ ውስጥ ዘጠኝ የገጠርና አንድ የከተማ ቀበሌ በዕጣ መረጡ፤ ቤት ለቤት ዞረው ነዋሪውን ቆጠሩ፤ ለቤቱም ለሰውም ቁጥር ሰጡ።

ቆጠራው ሲያልቅ ሥራው አላለቀም። መረጃ ሰብሳቢዎች በየጊዜው ወደዚያው ቤት እየተመለሱ ማን ተወለደ፣ ማን አረፈ፣ ማን አገባ፣ ማን ከውጭ መጣ፣ ማን ለቆ ሄደ እያሉ ጠየቁ። የቡታጅራ የገጠር ጤና ፕሮግራም የሚባለው ይህ ነው። በአገራችን የሕዝብ ጤና ጥናት ታሪክ ትልቅ ስፍራ አለው፤ ይገባዋልም።

ከሚመዘገቡት ጉዳዮች አንዱ በተለይ ጥንቃቄ ይጠይቅ ነበር፤ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው የተዛወረ ሰው። ይህ ሰው በአንዱ ቀበሌ «ለቆ ሄደ»፣ በሌላው ቀበሌ ደግሞ «አዲስ መጣ» ተብሎ ቢጻፍ መዝገቡ ውስጥ አንዱ ሰው ሁለት ይሆናል። የኖረበት ዘመን ለሁለት ይቆረጣል። በየቤቱ የሚኖረው ሕዝብ አንድም ሰው ሳይጨምር ወይም ሳይጎድል መዝገቡ ብቻውን ይስታል።

ኮምፒውተራችን ውስጥ ፋይል የሚፈልግልን ፕሮግራምም ቀን ከሌት የሚያደርገው ይህንኑ ዙረት ነው። የሚሳሳተውም እዚሁ ቦታ ላይ ነው።

የዕድሩ ጸሐፊ ብልሃት

በምዕራፍ ሦስት እንደታየው እያንዳንዱ ፋይል ሁለት ነገር ይዟል። አንዱ ይዘቱ ነው፤ ደብዳቤው፣ ፎቶው፣ ዘፈኑ። ሁለተኛው ስለ ይዘቱ የተጻፈው መግለጫ ነው፤ ስሙ፣ መጠኑ፣ የተቀመጠበት ፎልደር፣ ለመጨረሻ ጊዜ የተለወጠበት ቀን፣ ፎቶ ከሆነም የተነሣበት ሰዓት። ባለሙያዎች ይህን መግለጫ ሜታዳታ ይሉታል።

አሁን የአንድ ዕድር ጸሐፊ ይታሰብ። ደብተሩ በቀን ቅደም ተከተል የተጻፈ ነው፤ በዚህ ቀን እገሌ ከፈለ፣ በዚያ ቀን እገሌ ከቀብር ቀረ። ዳኛው ድንገት «አቶ እገሌ በዚህ ዓመት ስንት ጊዜ ቀሩ?» ቢሉት ደብተሩን ከዳር እስከ ዳር ማገላበጥ ግድ ይሆንበታል። ብልህ ጸሐፊ ግን ከደብተሩ ጀርባ ሌላ ዝርዝር ያዘጋጃል። በዚያ ላይ ስሞች በፊደል ተራ ተደርድረዋል፤ በየስሙ ፊት ያ ሰው የተጠቀሰባቸው ገጾች ተጽፈዋል። ጥያቄው ሲመጣ የሚመለከተው ያንን ዝርዝር ነው።

ዝርዝሩ ማውጫ ነው። በዊንዶውስ ላይ ዊንዶውስ ሰርች፣ በማክ ላይ ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው ስፖትላይት፣ በሊኑክስ ላይ ደግሞ ኬዲኢ በተባለው ዴስክቶፕ ባሉ፣ ግኖም በተባለው ዴስክቶፕ ትራከር ሁሉም እንዲህ ያለ ማውጫ ያዘጋጃሉ። ትራከር እ.ኤ.አ. በ2024 ሎካልሰርች የሚል አዲስ ስም ወጥቶለታል። ባለቤቱ ሌላ ሥራ ሲሠራ እነሱ ከጀርባ ሆነው ፋይሎቹን አንድ በአንድ ያነባሉ፤ «ይህ ቃል በእነዚህ ፋይሎች ውስጥ አለ» እያሉ በምዕራፍ አምስት በተገለጸው ዓይነት ዳታቤዝ ውስጥ ይጽፋሉ። የፍለጋው ሳጥን ውስጥ «ቡታጅራ» ተብሎ ሲጻፍ ኮምፒውተሩ ፋይሎቹን አይከፍትም፤ ማውጫውን ነው የሚገልጠው። መልሱ በቅጽበት የሚመጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ዋጋው ደግሞ ይኸው ነው። መልሱ የሚነግረን ፋይሉ ስላለበት ሁኔታ ሳይሆን ማውጫው ስለ ፋይሉ ስለሚያምነው ነገር ነው። ሁለቱ እስከተስማሙ ድረስ ልዩነቱ ለማንም አይታየውም።

የተሰበረና የሚዋሽ

ማውጫ በሁለት መንገድ ይበላሻል። አንደኛው መሰበር ነው። ጸሐፊው ገጹን እየጻፈ መብራት ጠፋ፤ መስመሩ ግማሽ ላይ ቀረ። የዛሬ ዳታቤዞች ለዚህ መላ አላቸው፤ አዲሱ መስመር በሙሉ ተጽፎ ሳያልቅ አሮጌውን አይሰርዙም፤ ስለዚህ መብራት ሲመለስ ወይ አሮጌው ወይ አዲሱ በሙሉነቱ ይገኛል። ሆኖም ዲስኩ ሲያረጅ ወይም ቦታ ሲሞላ መሰበር አሁንም ይደርሳል። በጎ ጎኑ፣ የተሰበረ ማውጫ አይደበቅም፤ ፍለጋው አልከፈትም ይላል ወይም ምንም ውጤት አያመጣም፤ ባለቤቱም ችግር እንዳለ ወዲያው ያውቃል።

የሚያስፈራው ሁለተኛው ነው። ማውጫው ደህና ይከፈታል፣ ቶሎ ይመልሳል፣ የሚመልሰው ግን ሐሰት ነው። ከወር በፊት የተሰረዘ ፋይል አለ ይላል። ትናንት የተጻፈውን ደብዳቤ የለም ይላል። «የለም» ከ«አለ» ይከፋል፤ የተሰረዘ ፋይል ተነክቶ አልከፈት ሲል ሐሰቱ ይገለጣል፤ የለም የተባለውን ግን ሰው አምኖ ፍለጋውን ይተወዋል፤ ደብዳቤውን እንደገና ለመጻፍም ይቀመጣል።

ለዚህ አንዱ ምክንያት የጠባቂ ማነስ ነው። በሊኑክስ ላይ ማውጫ የሚያዘጋጀው ፕሮግራም በፎልደሩ ውስጥ ለውጥ ሲኖር እንዲነገረው በየፎልደሩ ደጃፍ አንድ ጠባቂ ያቆማል። የጠባቂዎቹ ብዛት ወሰን አለው፤ ለረጅም ዓመታት የተለመደው ወሰን ለአንድ ተጠቃሚ 8,192 ነበር። የፎልደሮቹ ቁጥር ከዚያ ካለፈ የቀሩት ያለ ጠባቂ ይሆናሉ። እዚያ ውስጥ ፋይል ይወለዳል፣ ይሞታል፣ ይዛወራል፤ ማውጫው ግን አይሰማም። መረጃ ሰብሳቢው ያልደረሰበት መንደር ማለት ይህ ነው፤ በመዝገቡ ላይ ልደትም ሞትም የሌለበት ጸጥ ያለ መንደር ይመስላል።

ቤቱ ሳይነቃነቅ አድራሻው ሲለወጥ

የማውጫ ሐሰት ከየት እንደሚመጣ ለመረዳት ከሁሉ የሚሻለው ምሳሌ የባሉ ታሪክ ነው። ከእሱ በፊት ግን አንድ ጊዜ ወደ ቡታጅራ መመለስ ይገባል።

በ1970ዎቹ ዓ.ም. ለአንድ የቡታጅራ ነዋሪ ደብዳቤ የላከ ሰው ሸዋ ክፍለ ሀገር፣ ሐይቆችና ቡታጅራ አውራጃ ብሎ ይጽፍ ነበር። ኋላ ደቡብ ክልል፣ ጉራጌ ዞን ሆነ። መስቃንና ማረቆም ሁለት ወረዳ ሆኑ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ክልሉ ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ነው፤ ወልቂጤ የጉራጌ ዞን መቀመጫ ስትሆን ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ናት። ቤቱ ግን ከቆመበት አልተነቃነቀም። መዝገቡ ቤትን የሚለየው በአድራሻው ቢሆን ኖሮ ያው ቤት በየዘመኑ እንደ አዲስ በተመዘገበ ነበር።

ባሉ የገጠመው ይህ ነው። ፋይሎችን የሚለየው በሁለት ቁጥሮች ጥምረት ነበር። አንደኛው ዲስኩ ራሱ ለእያንዳንዱ ፋይል የሚሰጠው የውስጥ ቁጥር ሲሆን የቤት ቁጥር ሊባል ይችላል። ሁለተኛው የዲስኩ ቁጥር ነው፤ የቀበሌ ቁጥር እንበለው። የፋይል ስም ቢለወጥ ወይም ፋይሉ ከፎልደር ፎልደር ቢዘዋወር እነዚህ ቁጥሮች አይለወጡም፤ ስለዚህ ሐሳቡ ብልህ ነበር። ችግሩ ያለው የዲስኩ ቁጥር ቋሚ አለመሆኑ ላይ ነው። ኮምፒውተሩ ሲነሣ ለዲስኮቹ ቁጥር የሚሰጣቸው በተገኙበት ቅደም ተከተል ነው፤ ልክ በመናኸሪያ ተራ እንደሚይዙ ሚኒባሶች። ትናንት ሦስተኛ የነበረው ዛሬ አራተኛ ሊሆን ይችላል። በተለይ ቢቲአርኤፍኤስ በተባለው የዲስክ አደረጃጀት፣ አንዱ ዲስክ በብዙ ክፍል በሚከፈልበት፣ ይህ ደጋግሞ ይደርስ ነበር።

ውጤቱን መገመት አያዳግትም። ባለቤቱ ማታ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ጠዋት ሲከፍት ባሉ በሺህ የሚቆጠሩ «አዳዲስ» ፋይሎች ያያል። ሁሉንም እንደገና ማንበብ ይጀምራል፤ የአሮጌው ቁጥር መዝገብም ሳይሰረዝ ይቀራል። አንዱ ደብዳቤ በፍለጋ ሁለት ሦስት ጊዜ ይመጣል፣ የማውጫው መጠን ያብጣል፣ የላፕቶፑ ማራገቢያ ያለ ዕረፍት ይጮኻል። ተጠቃሚዎች ለዓመታት አማረሩ። ኋላ ላይ የባሉ ሠሪዎች የዲስኩን የተራ ቁጥር ትተው ዲስኩ ሲዘጋጅ ተሰጥቶት አብሮት የሚኖረውን ቋሚ መለያ መጠቀም ጀመሩ።

በዚያ ሁሉ ጊዜ ግን አንድም ፋይል አልጠፋም፣ አንድም ቃል አልተለወጠም። የተሳሳተው ጠቋሚው ብቻ ነበር።

ምን ይጣላል? ምን አይጣልም?

የዚህ ምዕራፍ ዋና ሐሳብ እዚህ ላይ ነው። ማውጫ ከፋይሎቹ የተቀዳ ነው። የተቀዳ ነገር ሲበላሽ እየጠጋገኑ ከመድከም ጥሎ ከምንጩ እንደገና መቅዳት ይሻላል። በጉራጌ አገር ምሳሌ ለማስረዳት፣ ምጣድ ላይ ያረረ ቆጮ ቤተሰቡን አያስርብም፤ ጉድጓድ ውስጥ የተቀበረው እስካለ ድረስ ሌላ ይጋገራል። ብዙ ሰው «ዳታቤዙን ሰርዝ» ሲባል የሚደነግጠው ጉድጓዱን የሚከፍትበት ስለሚመስለው ነው።

ይሁንና ከመሰረዝ በፊት መመለስ ያለበት አንድ ጥያቄ አለ። ከማውጫው በቀር ሌላ ቦታ ያልተጻፈ ነገር ማውጫው ውስጥ አለ ወይ?

ለዚህ ከቡታጅራው መዝገብ የሚበልጥ ምሳሌ የለም። ዛሬ ቆጣሪዎች ተሰማርተው እያንዳንዱን ቤት እንደገና ቢቆጥሩ ዛሬ ማን እንዳለ ልክ ይነግሩናል፤ የዛሬውን ዝርዝር ከቆጠራ ማደስ ይቻላል። በ1980 ዓ.ም. ተወልዶ ዓመት ሳይሞላው ያረፈን ሕፃን ግን የትኛውም አዲስ ቆጠራ አያገኘውም። በእናቱ ልብ አለ፤ በጽሑፍ ያለው ግን መረጃ ሰብሳቢው በዚያን ዘመን በሞላው መስመር ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ ያ መዝገብ በከፊል ማውጫ፣ በከፊል ምንጭ ነው። የማውጫው ክፍል ቢበላሽ ይታደሳል። የምንጩ ክፍል ቢጠፋ ግን ስለዚያ ሕፃን የሚናገር ወረቀት በዓለም ላይ አይኖርም። እንዲህ ያለ መዝገብ በጥንቃቄ ተባዝቶ በተለያየ ቦታ መቀመጥ ያለበት በዚህ ምክንያት ነው።

በኮምፒውተሩም ሁለቱ ይደባለቃሉ። ሰው ፎቶዎቹን «የመስቀል በዓል 2012» ወይም «የአያቴ» የሚል ምልክት ይለጥፍባቸዋል፤ ኮከብ ይሰጣቸዋል። ይህ ምልክት ከፎቶው ተነብቦ የመጣ አይደለም፤ ከሰውየው ልብ የወጣ ነው። የት ይጻፋል? በኬዲኢ ዓለም ከባሉ በፊት የነበረው ኔፖሙክ የሚጽፈው በዳታቤዙ ውስጥ ነበር፤ ዳታቤዙን የሰረዘ ሰው የዓመታት ምልክቶቹንም አብሮ ይሰርዝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 ባሉ ሲተካው አካሄዱ ተለወጠ፤ ምልክቱ ከፋይሉ ጋር ተጣብቆ በሚኖር ተጨማሪ ኪስ ውስጥ መጻፍ ጀመረ። ማውጫው ያንን አንብቦ ቅጂ ይይዛል እንጂ ባለቤት አይደለም። ከዚያ ወዲህ ማውጫውን መሰረዝ የሚያስፈራ ነገር አልሆነም።

አንድ ወጥመድ ግን ይቀራል። በአገራችን ፋይል ከሰው ወደ ሰው ብዙ ጊዜ በፍላሽ ይሻገራል። ፍላሾች የሚዘጋጁበት የተለመደው ፋት 32 የተባለ አደረጃጀት ያንን ተጨማሪ ኪስ አያውቀውም። ፎቶው በሙሉ ጤንነቱ ይሻገራል፤ ምልክቱ መንገድ ላይ ይቀራል። ተቀባዩ ማውጫውን አሥር ጊዜ ቢያድስም አያገኘውም።

ጥገናው በተግባር

የመጀመሪያው እርምጃ ስሕተቱ የአንድ ፋይል ወይስ የሁሉ መሆኑን መለየት ነው። አንድ ደብዳቤ ብቻ በፍለጋ የማይገኝ ከሆነ ደብዳቤውን ከፍቶ አንድ ቃል ነክቶ ማስቀመጥ ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ የተለወጠበት ሰዓት ስለሚታደስ ፈላጊው ተመልሶ ያነበዋል። ማውጫ አዘጋጆች ፋይል መለወጡን የሚያውቁት በዋናነት በዚህ ሰዓት ነው። ሰዓቱ እንዳለ ከሆነ ውስጡ ቢለወጥም «አይቼዋለሁ» ብለው ያልፉታል።

ስሕተቱ የብዙ ፋይል ከሆነ እንደገና መቅዳት ነው መፍትሔው። በዊንዶውስ ኮንትሮል ፓነል ውስጥ ኢንዴክሲንግ ኦፕሽንስ ተከፍቶ አድቫንስድ ከተባለው ሥር ሪቢልድ የሚለው ይጫናል። በማክ ዲስኩን ስፖትላይት እንዳያያቸው ከተከለከሉት ዝርዝር ውስጥ አስገብቶ መልሶ ማውጣት ማውጫውን እንደ አዲስ ያስጀምረዋል። በኬዲኢ ባሉን አስቁሞ፣ ማውጫውን አጥፍቶ፣ እንደገና ማስነሣት ነው። ቅደም ተከተሉ ግድ ነው፤ ጸሐፊው እየጻፈ ደብተሩን ከእጁ የነጠቀ ሰው የሚያገኘው የተቀደደ ገጽ ነው። ስለዚህ ፋይሉን በእጅ ከመሰረዝ በፊት ፕሮግራሙ መቆሙን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ቅዳቱ ሰዓታት ሊወስድ ይችላልና ላፕቶፑ ኃይል ላይ ተሰክቶ ይቆይ፤ በዚያ መካከል ፍለጋው ጎዶሎ መልስ ቢሰጥ አያስደንግጥ።

አንዳንዴ ማውጫው በታደሰ ማግሥት እንደገና ይበላሻል፤ ወይም ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ይቆማል። እዚህ ላይ የሚጠረጠረው አንድ የታመመ ፋይል ነው፤ ግማሹ የተቆረጠ ፒዲኤፍ፣ ወርዶ ያላለቀ ቪዲዮ። አንባቢው ፕሮግራም እሱን ሲያነብ ይወድቃል፣ ይነሣል፣ እንደገና እሱን ያነሣል፣ ይወድቃል። ባሉ እንዲህ ያቃቱትን ፋይሎች በዝርዝር ይይዛል፤ ዝርዝሩን አይቶ ፋይሉን መጠገን ወይም ከማውጫው ውጭ ማድረግ ይቻላል። ዝርዝር በሌለበት የሚሠራው ማጋመስ ነው። ግማሹን ፎልደር አግልሎ ማየት፤ ከወደቀ ችግሩ በቀረው ግማሽ ውስጥ ነው፤ ያንንም ማጋመስ። በዚህ መንገድ ከ1,000 ፋይሎች መካከል አንዱን ጥፋተኛ ለማግኘት አሥር ሙከራ ይበቃል።

ምንጩ ራሱ ሲታመም

ሁሉም በትክክል ተደርጎ፣ ማውጫው አዲስ ሆኖ፣ ሐሰቱ የማይጠፋበት ጊዜ አለ። ያኔ የታመመው ምንጩ ነው።

ቀላሉ የቀን ስሕተት ነው። በማዘርቦርዱ ላይ የሳንቲም ያህል ባትሪ አለች፤ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሳለ ሰዓቱ እንዳይቆም የምታደርገው እሷ ናት። ስትሞት ኮምፒውተሩ በተነሣ ቁጥር ሰዓቱን ወደ መነሻው ይመልሳል፤ በብዙ አሮጌ ማሽኖች ያ መነሻ ጃንዋሪ 1980 ነው። በዚያ ሁኔታ የተጻፈ ደብዳቤ ያንን ቀን ይዞ ይኖራል። ባትሪዋ ብትቀየርም የደብዳቤው ቀን አይቀናም፤ ማውጫውም የተጻፈለትን ነው በታማኝነት የሚቀዳው።

ከዚህ የከበደው የፊደል ጉዳይ ነው። የግዕዝ ፊደል ለዓለም ፊደላት የጋራ ቁጥር በሚሰጠው ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በሦስተኛው እትም ነው። ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት እንደ ቀድሞዎቹ የፓወር ግዕዝና የቪዥዋል ግዕዝ እትሞች ያሉ ፎንቶች የአማርኛውን ቅርጽ በላቲን ፊደል ቦታ ላይ አስቀምጠው ይሠሩ ነበር። ዓይን «ሀ» ያያል፤ ፋይሉ ውስጥ ያለው ግን የላቲን ምልክት ነው። ማውጫ አዘጋጁ ፎንቱን አያይም፤ የሚያነበው ውስጡን ነው። በዚያ ዘመን የተጻፈ ቃለ ጉባኤ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የቤተሰብ ታሪክ ሁሉ ለፍለጋ ትርጉም የሌለው የምልክት ክምር ነው። እዚህ መፍትሔው ጽሑፉን ራሱን ወደ ዩኒኮድ መለወጥ፣ ከዚያ በኋላ ማውጫውን ማደስ ነው። ይህ ሥራ በየመሥሪያ ቤቱና በየቤቱ ገና አላለቀም፤ እነዚያን ፎንቶች የሚያውቁ ማሽኖች ሳያልቁ ቢሠራ ይሻላል።

ፊደሉ ዩኒኮድ ሆኖም ፀሐይ ብሎ የጻፈውን ጸሀይ ብሎ የሚፈልግ ሰው ላያገኘው ይችላል። እነዚህን ሞክሼ ፊደላት አንድ አድርጎ የሚያይ ፈላጊ አለ፤ የማያይም አለ። ስለዚህ ከጥገና በኋላ የሚደረገው ፈተና ይዘታቸው በደንብ የሚታወቅ አራት አምስት ፋይሎችን መርጦ አንዱን ቃል በሁለቱም አጻጻፍ መፈለግ ነው።

ለመስቃንና ለወልቂጤ ጸሐፊዎች ደግሞ ቅርብ የሆነ ጉዳይ አለ። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ዩኒኮድ 14 ለጉራጌ ቋንቋዎች አጻጻፍ የሚያገለግሉ 28 ምልክቶች ጨመረ። ከዚያ በፊት የተሠራ ፕሮግራም እነዚህን ፊደል መሆናቸውን ስለማያውቅ ቃሉን መካከል ላይ ሊቆርጠው፣ ግራና ቀኙን እንደ ሁለት ቃል አድርጎ ማውጫው ውስጥ ሊጽፈው ይችላል። ፕሮግራሙ ሲሻሻል አዲሱ ሕግ የሚሠራው ከዚያ ወዲያ በሚነበቡት ላይ ነው፤ ቀድሞ የተነበቡት በአሮጌው ቢላዋ እንደተቆረጡ ይቆያሉ። አንድም ፋይል ሳይበላሽ፣ አንድም መብራት ሳይጠፋ፣ ማውጫውን ጥሎ ሁሉንም ከመጀመሪያው ማስነበብ የሚያስፈልገው ያኔ ነው።